ጥይት ዒላማውን የሚያገኘው ገና ሳይተኮስ ነው

በጎጃም ደጋ የጠመንጃ ነገር ያልተነሣበት ጨዋታ ሙሉ ጨዋታ ሆኖ አይቈጠርም። በሰርግ ቢሆን በለቅሶ፣ በፉከራ ቢሆን በቀረርቶ ጠመንጃ ሳይጠራ አይታለፍም፤ ሲጠራም በፍቅር ነው። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ፣ ለበን እየተባለ ሲቈጠር ለሰሚው የመሣሪያ ዝርዝር ሳይሆን የዘመድ አዝማድ ስም የሚጠራ ይመስላል። ስለ ጠመንጃውና ስለ ተኳሹ ይህን ያህል ሲነገር ስለ ጥይቱ የሚነገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። እገሌ አልሞ መታ ይባላል እንጂ የመታበትን ጥይት ማን ሞላው? በምንስ ሚዛን ሞላው? ተብሎ ሲጠየቅ አይሰማም።

ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህንኑ የተዘነጋ ጥያቄ ነው። ከአንድ ጠመንጃ፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቀን ከተተኮሱት ሁለት ጥይቶች አንደኛው ዒላማውን ሲመታ ሁለተኛው ስለ ምን ይስታል? በሩቅ የቆመ አውሬ የሚያድን ሰውስ ጥይቱን እንዴት ቢያሰናዳ ነው በእርግጠኝነት ሊተማመንበት የሚችለው? ነገሩ የአዳኞች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠልቀው ሲመረምሩት ግን ስለ ጥንቃቄና ስለ ትዕግሥት ብዙ የሚያስተምር ሙያ ሆኖ ይገኛል።

ከመንቆረር እስከ ዐድዋ

ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ የጎጃም ገዦች መናገሻ በነበረችበት ዘመን አዲሶቹ ጠመንጃዎች ወደ አገራችን በብዛት የገቡበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ጠመንጃዎች ባሩዱም አረሩም በአፈሙዛቸው በኩል የሚጐረሱ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ሰናድር ግን በኋላው በኩል ይጐርስ ነበር። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ጦርነት የግብፅ ጦር ድል ሲሆን ሬሚንግተን የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ በብዛት ተማረከ። ቀጥሎም ፈረንሳዮች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ለጦራቸው ያወጡት የግራ ጠመንጃ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ገባ። ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ያሉትን የኛ ሰው ውጅግራ ብሎ የራሱ አደረገው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተሰለፉት መካከል የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር እንደ ነበረበት የታወቀ ነው፤ በዚያም ቀን ውጅግራ በኢትዮጵያውያን እጅ በብዛት ነበረ።

ውጅግራ ባለ አንድ ጐራሽ ነው። አንድ ጊዜ ተተኵሶ ቀለሁ ይወጣና ሌላ ጥይት በእጅ ይገባል። አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ግራም ያህል ክብደት ያለው እርሳስ ሲሆን፣ የሚያስወነጭፈውም አምስት ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ ነበር። ይህ ጥይት ከጠመንጃው ጋራ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። እንደ አሞሌ ጨውና እንደ ማርያ ቴሬዛ ብር ሁሉ በገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ሲያገበያይ ኖሯል። በዝናሩ ጥይት የደረደረ ሰው ኪሱን ታጥቆ ይሄድ ነበር ለማለት ይቻላል። ክፉ የተሞላ ጥይትም እንደ ሐሰተኛ ብር ነበር፤ ልዩነቱ ሐሰተኛው ብር በገበያ ላይ ሲያዋርድ፣ ክፉው ጥይት ግን ከአንበሳ ወይም ከጠላት ፊት የሚያዋርድ መሆኑ ነው።

በዚያ ዘመን ያገለገለ ቀለህ አይጣልም ነበር። ባሩድን ከባሩድ ጨው፣ ከድኝና ከከሰል ማሰናዳት በአገራችን ከጥንት የታወቀ ሙያ ነው። እርሳስ ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል። ናሱ ቀለህ ግን በቀላሉ የሚሠራ ስላልሆነ ባለ እጆች ያገለገለውን እየጠረጉ እንደ ገና ይሞሉት ነበር። ከሁሉ የሚያስቸግረው በቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጠውና የጠመንጃው መርፌ ሲመታት ብልጭ ብላ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሿ ካፕሱል ነበረች። ስለዚህ የዛሬዎቹ የውጭ አገር አዳኞች በልዩ መሣሪያ ተረድተው የሚሠሩትን ሥራ አባቶቻችን በከውርና በመዶሻ ሲሞክሩት ኖረዋል ማለት ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመንም በጎጃም የጥይት ነገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለውና ጓደኞቻቸው ያሰለፏቸው አርበኞች ግምጃ ቤታቸው በአብዛኛው የጠላት ጦር ራሱ ነበር፤ ከጠላት ማርከው ጠላትን ይወጉ ነበር። ጥይቱ በጣት የሚቈጠር ሰው አውቆ ካልተኰሰ የሚማርክበትን ጊዜ ሳያይ ያልቅበታል። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ እስከ ገቡበት ቀን ድረስ በጎጃም በረሃና ደጋ የተካሄደው ተጋድሎ አልሞ መተኰስን ከጨዋታ ወደ ግዴታ ያሸጋገረ ትምህርት ቤት ነበር። የጎጃም ሰው ጥይት በከንቱ የሚያባክነውን ተኳሽ የማያከብርበት ምክንያት ከዚህ ታሪክ ጋራ የተያያዘ ነው።

የጥይት አራት አካላት

ወደ ሙያው እንግባ። አንድ ጥይት አራት ክፍል አለው። እነዚህም ቀለህ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር ናቸው። ምላጩ ሲሳብ መርፌው ካፕሱሏን ይመታል፤ ካፕሱሏ ባሩዱን ታቀጣጥላለች፤ ባሩዱ በቅጽበት ወደ ትኩስ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም አረሩን ገፍቶ ያወጣዋል። አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ በተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ሲያልፍ እንደ እንዝርት ይሾራል፤ የሚሾር ነገር አቅጣጫውን በቀላሉ ስለማይለውጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ናሱ ቀለህም በግፊቱ ኃይል ተለጥጦ የጠመንጃውን ጉሮሮ በሚገባ ይዘጋና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ያደርጋል።

ከነዚህ ከአራቱ ሦስቱ ተኩሱ ሲያበቃ የሉም። ቀለሁ ብቻ ይቀራል፤ ከአራቱም ብዙ ሥራ የፈጀው እርሱ ነው። በእጅ ጥይት የመሙላት ሙያ የተወለደውም ከዚሁ የተነሣ ነው። መጀመሪያ ወጪ ለመቈጠብ ተብሎ ተጀመረ፤ በኋላ ግን በጥንቃቄ የተሞላው ጥይት ከፋብሪካው ጥይት ይልቅ ለአንድ ጠመንጃ የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። ፋብሪካ የሚሠራው ለሁሉም ጠመንጃ እንዲሆን ነው። ለሁሉም የተሰፋ ልብስ ደግሞ ለማንም በልክ አይሆንም። በእጁ የሚሞላ ሰው ግን እንደ ልብስ ሰፊ የአንዱን ጠመንጃ ልክ ወስዶ ለእርሱ ብቻ ይሰፋለታል።

በክሪድሙር የታየው ክርክር

ይህ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለምን ካስደነቀባቸው ቦታዎች አንዱ በኒውዮርክ አጠገብ የነበረው የክሪድሙር የተኩስ ሜዳ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. መስከረም ወር የአይርላንድና የአሜሪካ ተኳሾች በ800፣ በ900ና በ1000 ያርድ ርቀት ተወዳደሩ። አንድ ሺህ ያርድ 914 ሜትር ያህል ነው። አይርላንዶቹ በአፈሙዝ የሚጐረስ ጠመንጃ ያዙ፤ ባሩዱን በየተኩሱ መጥነው፣ አረሩን በጥንቃቄ ገፍተው ስለሚያስገቡ ከእነርሱ የሚበልጥ የለም ተብሎ ይታመን ነበር። አሜሪካኖቹ የያዙት በኋላ በኩል የሚጐርሱትን ሬሚንግተንና ሻርፕስ የተባሉትን ጠመንጃዎች ነበር። በመጨረሻ አሜሪካ 934፣ አይርላንድ 931 ነጥብ አግኝተው አሜሪካኖቹ በሦስት ነጥብ ብቻ አሸነፉ። ከአይርላንዶቹ አንዱ አሳምሮ የመታው ዒላማ የእርሱ ሳይሆን የጎረቤቱ ሆኖ በመገኘቱ ነጥቡ ባዶ ሆነበት። ድካም ሁሉ በአንዲት መዘናጋት ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በጉራ የተማረከው ሬሚንግተን ለወታደር የተሠራ ሲሆን፣ በክሪድሙር ካሸነፈው ጋራ ግን የአንድ ፋብሪካ ልጅ ነው። ልዩነቱ በአፈሙዙና በማነጣጠሪያው ጥራት፣ ከሁሉም በላይ በጥይቱ አሞላል ጥንቃቄ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1884 ጭስ የሌለውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እኛ ለበን የምንለው የሌበል ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ ተመሥርቶ ወጣ። የአረሩ ፍጥነት እጅግ ጨመረ። ሆኖም ከክሪድሙር ዘመን እስከ ዛሬ ያልተለወጠ አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ጥይቶች ሁሉ እርስ በርሳቸው አንድ ዐይነት እስካልሆኑ ድረስ ተኳሹ ምንም ቢጠበብ ዒላማውን በእርግጠኝነት ሊመታ የማይችል መሆኑ ነው።

በጤፍ ፍሬ መመዘን

አንድ ዐይነት መሆን ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? በቍጥር እናስረዳ። አንድ ጥይት በአማካይ በሴኮንድ 750 ሜትር እየበረረ 300 ሜትር ወደ ራቀ ዒላማ ሄደ እንበል። መንገዱን የሚጨርሰው በ0.4 ሴኮንድ ነው። በዚህች ዐይን ጨፍኖ በሚገልጡባት ጊዜ ውስጥ ምድር ስለምትስበው 78 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ተኳሹ ይህን ዐውቆ ማነጣጠሪያውን አስተካክሏል። አሁን ሁለተኛው ጥይት ባሩዱ ጥቂት አንሶት ፍጥነቱ ከመቶ አምስት እጅ ቢቀንስ የሚወርደው 87 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ ይህን ድኩላው ላያመልጥበት ይችላል። ዒላማው 600 ሜትር ቢርቅና አማካይ ፍጥነቱ 650 ሜትር ቢሆን ግን ያው የአምስት እጅ ጉድለት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል። ይህ ልብን በመምታትና እግርን በመስበር መካከል ያለ ልዩነት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስሕተቱ አምስት እጥፍ መድረሱን ልብ ይሏል።

ለውጅግራማ ነገሩ ከዚህ የከፋ ነበር። አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚበር፣ እስከ 300 ሜትር ድረስ አማካዩን 375 ሜትር ብንለው ከሦስት ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚህ መሣሪያ በሩቁ አልመው ይመቱ የነበሩት አባቶች ርቀትን በዐይናቸው የመገመት ችሎታቸው ምን ያህል እንደ ነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

እንግዲህ ባሩዱን እኩል አድርጎ መመጠን የሙያው ዋና ሥራ ነው። የውጭ አገር ሞይዎች የሚመዝኑበት መስፈሪያ ግሬን ይባላል፤ ትርጓሜውም ፍሬ ማለት ነው። ስሙም የመጣው የጥንት ሰዎች በስንዴና በገብስ ፍሬ ይመዝኑ ስለ ነበር ነው። አንድ ግሬን 65 ሚሊ ግራም ያህል ነው። በኛ አገር ፍሬ ብናስበው ሁለት መቶ ያህል የጤፍ ፍሬ ማለት ይሆናል። ጥሩ የባሩድ ሚዛን የዚህን አንድ ዐሥረኛ፣ ማለት ሃያ ያህል የጤፍ ፍሬ ለይቶ ያሳያል። ጥንቁቅ ሞይ የሚጨነቀው ለዚህች ለሃያ የጤፍ ፍሬ ነው።

ሥራው እንዴት ይካሄዳል?

ሥራው የሚጀመረው ቀለህን በመለየት ነው። የአንድ ፋብሪካና የአንድ ጊዜ ሥራ የሆኑት፣ እኩል ጊዜ የተተኰሱት ለብቻ ይቀመጣሉ። ውፍረታቸው የተለያየ ከሆነ የውስጥ ስፋታቸውም ስለሚለያይ እኩል ባሩድ እኩል ግፊት አይሰጥም። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቀለህ ተጠርጎ በብርሃን ይመረመራል። በአንገቱ ወይም በግርጌው ስንጥቅ የታየበት ያለ ርኅራኄ ይጣላል።

ከዚያ ያለቀችው ካፕሱል ትወጣለች። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ታሪክ አለ። በዓለም ላይ ሁለት ዐይነት የካፕሱል አሠራር አለ፤ አንዱን ያወጣው ቦክሰር የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሁለተኛውን ያወጣው ቤርዳን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ነገር ግን አሜሪካኖች የእንግሊዙን፣ አውሮፓውያን በአብዛኛው የአሜሪካውን መረጡ። በቦክሰር ቀለህ ውስጥ በመካከል አንድ ቀዳዳ ስላለ ካፕሱሏ በመርፌ ተገፍታ ትወጣለች። ቤርዳን ግን ከመካከል የራቁ ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ስላሉት በዚህ መንገድ አይወጣም። ወደ አገራችን ከገባው የአውሮፓ ጥይት ብዙው የቤርዳን ዐይነት ስለ ነበር፣ እንደ ገና መሙላት ለባለ እጆቻችን ይበልጥ አስቸጋሪ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ተለጥጦ የነበረው ቀለህ በብረት ቅርጽ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። በየተኩሱ እየረዘመ የሄደው አንገቱም ተስተካክሎ ይቈረጣል። አዲስ ካፕሱል ይገባል። ባሩዱ ተመዝኖ ይጨመራል። በመጨረሻም አረሩ በአንገቱ ላይ ቀጥ ብሎ፣ በሁሉም ጥይት ላይ እኩል ጠልቆ ይቀመጣል። አረሩ ከጠመዝማዛው ቦይ መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚርቅ ለጥራቱ ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ ይህ ርቀት በመለኪያ እየታየ ጥቂት በጥቂት ይፈተናል።

ለመሆኑ ለአንድ ጠመንጃ የሚስማማው የባሩድ መጠን እንዴት ይታወቃል? ባሩዱን የሠራው ፋብሪካ ባሳተመው መመሪያ ውስጥ መነሻና ጣሪያ ተወስኖ ይገኛል። ሞይው ከመነሻው ይጀምርና ጥቂት በጥቂት እየጨመረ፣ ከእያንዳንዱ መጠን ጥቂት ጥይቶችን ይሞላል። ከዚያም ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ አፈሙዙ እንዲቀዘቅዝ በየመካከሉ እየታገሠ በየመጠኑ ይተኵሳል። በወረቀቱ ላይ ቀዳዳዎቹ ተራርቀው የሚበተኑበት መጠን አለ፤ ተሰብስበው የሚቀራረቡበትም መጠን አለ። የሚመረጠው ተሰብስበው የታዩበት ነው እንጂ ፍጥነቱ የበለጠው አይደለም። ፈጣን ሆኖ ከሚበተን ይልቅ ዝግ ብሎ አንድ ቦታ የሚመታ ይሻላል።

በዚህ ሥራ የጀማሪ ስሕተት ምን እንደ ሆነ ብንጠየቅ፣ በሦስት ጥይት መደሰት ነው ብለን እንመልሳለን። ሦስት ቀዳዳ በአጋጣሚ ሊቀራረብ ይችላል። በሌላ ቀን፣ በሌላ አየር፣ ዐሥር ጊዜ ተተኵሶ ያው ውጤት ሲገኝ ብቻ ነው ጥይቱ የታመነ የሚባለው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር በመዝገብ ይጻፋል። የቀለሁ ዕድሜ፣ የባሩዱ ዐይነትና መጠን፣ የአረሩ ክብደት፣ የዕለቱ ሙቀትና ነፋስ ሁሉ ይመዘገባል። በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥም፤ ሁለት ነገር ከተለወጠ የትኛው እንዳሻሻለ ወይም እንዳበላሸ አይታወቅምና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል።

ደጋና ቆላ፣ ዳገትና ቍልቍለት

በደብረ ማርቆስ ተሞክሮ የታመነ ጥይት በሁሉም ቦታ የታመነ ነውን? አይደለም። የጎጃም መሬት ራሱ ለተኳሽ ብዙ ፈተና ያቀርባል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከደጀን ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ የዐባይ ሸለቆ ግርጌ ከአንድ ሺህ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። በባሕር ወለል ያለውን የአየር ክብደት መቶ ብንለው፣ በሸለቆው ግርጌ 90፣ በደብረ ማርቆስ 78፣ በጮቄ ራስ 67 ያህል ይሆናል። አየር ለአረር እንደ ውሃ ለዋናተኛ ነው። በደጋው ጥቂት ይገታዋል፤ በቆላው አብዝቶ ይገታዋል። ስለዚህ በደጋ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ይዞ ወደ ሸለቆው የወረደ አዳኝ በሩቅ ሲተኵስ ጥይቱ ካሰበው በታች ሊያርፍ ይችላል።

በዚህ ላይ ሙቀት ይጨመራል። ባሩድ ሲሞቅ ይበልጥ በፍጥነት ስለሚነድ ግፊቱም ይጨምራል። በብርዳማው ደጋ እስከ ጣሪያው ድረስ ተሞልቶ ምንም ያላሳየ ጥይት፣ በሸለቆው ሐሩር በፀሓይ ሲንገረገብ ውሎ ቢተኰስ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ብልህ ሞይ ከጣሪያው በታች የሚቆመው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ፈተና ዳገትና ቍልቍለት ነው። ከገደል አፋፍ ወደ ታች ወይም ከሥር ወደ አፋፍ የሚተኵስ ሰው ብዙ ጊዜ ከዒላማው በላይ ይስታል። ምክንያቱም አረሩን ወደ ታች የምትስበው ምድር የምትቈጥረው የአግድሙን ርቀት እንጂ የዘመመውን ርቀት ባለመሆኑ ነው። በ30 ዲግሪ ያዘመመ የ300 ሜትር ርቀት ለአረሩ አወራረድ 260 ሜትር ያህል ሆኖ ይቈጠራል። ሽቅብም ቢሆን ቍልቍልም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው።

አደጋው

ይህን ሙያ ስናመሰግን አደጋውን ብንሸሽግ አንባቢዎቻችንን መበደል ይሆንብናል። ጠመንጃ በተኳሹ ጕንጭ አጠገብ የታሰረ የግፊት ጋን ነው። ለጥቁር ባሩድ በተሠራው በውጅግራና በመሰሎቹ ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ መሙላት ጠመንጃውን ሊያፈነዳና ዐይንን ወይም እጅን ሊያሳጣ ይችላል። ሁለት ጊዜ የተጨመረ ባሩድ፣ ስሙ የማይታወቅ ባሩድ፣ ከጠመንጃው ልክ ጋራ የማይስማማ ጥይት፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። በሞይዎች ዘንድ የታወቁት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ካፕሱሏ ተደፍጥጣ መገኘቷ፣ የጠመንጃው መዝጊያ አልከፈትም ብሎ ማስቸገሩና ቀለሁ መሰንጠቁ ናቸው። ከነዚህ አንዱን ያየ ሰው ወዲያውኑ ማቆም አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተሞላ ጥይትም ውርደቱን የሚያሳየው በተኩሱ ሰዓት ነው።

ሌላም መታወቅ የሚገባው ነገር አለ። በአገራችን የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና መቆጣጠሪያ ዐዋጅ ቍጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው። የዱር አራዊት አደንም በዐዋጅ ቍጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ አይደረግም። ይህን የምንጽፈው አንድ ሙያ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት እንጂ ማንም በጓዳው ባሩድ ይበጥብጥ ለማለት አይደለም።

አንዲት ጥይትና አንዲት ነፍስ

አደን በቀድሞው የጎጃም ሰው ዘንድ የጀግንነት ማዕረግ ማግኛ ነበር፤ የገደለ ይሾማል፣ ይሸለማል፣ ይፎከርለታል። ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። ደኑ ተመንጥሯል፣ አውሬው አንሷል። ይሁን እንጂ በሕግ በተፈቀደበት ቦታ ሁሉ፣ ለምሳሌ የደጋ አጋዘን በሚገኝበት በባሌና በአርሲ ተራሮች በፈቃድ የሚያድን ሰው ቢሆን፣ አንድ ግዴታ ከጥንት እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ይኸውም አቍስሎ አለመልቀቅ ነው።

ከዐባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ጎሕ ሲቀድ አንድ ሰው ድኩላ አየ እንበል። ድኩላው በወዲያኛው ጥግ ቆሞ ቅጠል ይቀጥፋል። ሰውየው አነጣጥሮ ምላጩን ሳበ። ጥይቱ ባሩዱ የጐደለው ስለ ነበር ዝቅ ብሎ እግሩን ሰበረው። ድኩላው ወደ ገደሉ ወርዶ ከቍጥቋጦ ውስጥ ገባ። ማንም ወርዶ ሊያገኘው አይችልም። አዳኙ ሥጋውን አላገኘ፤ አውሬው ሞቱን በወጉ አላገኘ፤ የሚያሠቃየው ቍስል ብቻ ቀረ። ይህ ሁሉ የመጣው ከጥቂት ቀን በፊት አንድ ሰው በጠረጴዛ ላይ ሚዛኑን ሳያይ፣ ደኅና ነው ብሎ ስላለፈው ጥቂት የባሩድ ፍሬ ነው።

በርእሳችን ላይ ጥይት ዒላማውን የሚያገኘው ገና ሳይተኮስ ነው ያልነው ስለዚህ ነው። ሰው ሁሉ የሚያየውና የሚያጨበጭብለት የተኩሱን ቅጽበት ነው። ማንም የማያየው ደግሞ ከዚያ በፊት ያለው ረጅም ሥራ ነው። እርሱም ቀለህ መጥረግ፣ ስንጥቅ መፈለግ፣ መመዘን፣ እንደ ገና መመዘን፣ የተጠራጠሩትን ማፍሰስ ነው። ያ ሥራ ምስክር የለውም። ሰውየው ቢያጭበረብር የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ ዒላማው ግን አይታለልም፤ የተደበቀውን ሁሉ በወረቀት ላይ አውጥቶ ያሳያል።

የጎጃም አባቶች በዝናራቸው የነበረችውን እያንዳንዷን ጥይት ያውቋት ነበር። ከማን እንደ ተገዛች፣ ከየት ጦርነት እንደ ተማረከች፣ ማን እንደ ሞላት ለይተው ይናገሩ ነበር። በቍጥር ጥቂት ስለ ነበረች አከበሯት፤ ስላከበሯትም በከንቱ አልተኰሷትም። ዛሬ በጥሩ ሚዛንና በጥሩ መሣሪያ የሚሠራ ሞይ ከእነርሱ የሚበልጥበት ብዙ ነገር አለው። በዚህ አንድ ነገር ግን ሊበልጣቸው አይችልም፤ ቢተካከላቸው ትልቅ ነገር ነው።